ተቀባይ ያጣ አውጪ

ጥቅምት 4፣ ማክሰኞ
ዛሬም ሲሚንቶ አወረድን። ሁለት መኪና፣ ከምሳ በፊት። እኔ ዜማ አወጣለሁ፣ ስምንቱ ተሸካሚዎች ይቀበላሉ፣ እግራቸው በእኔ ይሄዳል። እኔ ዝም ካልኩ ጆንያ ከመኪና አይወርድም... ጉራ አይደለም፣ እውነት ነው። የማታ ትምህርት ከጨረስኩ ሦስት ሳምንቴ። መምህሩ "ፊደልህ ይንጋደዳል" አለኝ። የሊቅ እጅ እንዲህ ነው አልኩት።

ጥቅምት 6፣ ሐሙስ
ማሽን መጣ። የጎማ ቀበቶ አለው፣ ጆንያውን እያንሸራተተ ያወርዳል። አለቃው ዘጠኛችንንም ሰብስቦ አሰናበተን። "ማሽኑ ይዘፍናል?" አልኩት። ማንም አልሳቀም። እኔ ቀልጄ!

ጥቅምት 8፣ ቅዳሜ
ባለቤቴ፦ "ወንድሜ መሥሪያ ቤት ዘበኛ ይፈለጋል። ሂድ።"
"እኔ? በር ላይ ልቆም?"
"አይ፣ ዙፋን ላይ ተቀመጥ።"
ጎረቤታችን ድምፃዊት ናት፣ አዳራሽ ትዘፍናለች። ዘፈን እጽፍልሻለሁ አልኳት። ስቃ ስቃ "ለሚመጣው ቅዳሜ ካደረስክ አያለሁ" አለች። ባለቤቴም ሰማች። "እስከ ቅዳሜ። ካልሆነ ዘበኛ!"

ጥቅምት 10፣ ሰኞ
ጻፍኩ!
በገባሁበት በር ማሽኑን አስገብተው፣
ትከሻዬን ሰጡኝ "ቤትህ ውሰድ" ብለው።
የሰፈር ፎቅ ሁሉ ጀርባዬን ያውቀዋል፣
በሩን ሳንኳኳበት "ማን ነህ አንተ?" ይላል።
እንዲህ መጻፍ እየቻልኩ እስከ ዛሬ ፊደል ሳልቆጥር መኖሬ አገር ጎድቷል።

ጥቅምት 11፣ ማክሰኞ
ድምፃዊቷ አነበበችው፣ ወረቀቱን ገለበጠችው።
"ተቀባዩስ?"
"የእኔ ሥራ ማውጣት ነው። የሚቀበሉት እነሱ ናቸው።"
"ጋሼ፣ ይሄ እኮ ግማሽ ዘፈን ነው!"
ግማሽ? አሥራ አንድ ዓመት አውጥቼ... እነዚያ ሰዎች ምን እያሉ ነበር የሚቀበሉኝ? አላስታውስም። የራሴን ድምፅ እየሰማሁ።

ጥቅምት 12፣ ረቡዕ
ከተሸካሚዎቹ አንዱን፣ ጉልቤውን፣ አውቶቡስ ማቆሚያ አገኘሁት። ካልሲ ይሸጣል።
"ምን ትሉ ነበር?"
"እኔ እንጃ። ጆንያው ነበር የሚያስብለን። ካልሲ ትገዛለህ?"
ቤት ገብቼ ተቀባዩን ራሴ ጻፍኩ። "ጀግና ነህ! ጀግና ነህ!" ሳነበው አፈርኩ። ቀደድኩት። እኔ ማፈር ጀመርኩ ማለት ነው?

ጥቅምት 13፣ ሐሙስ
ኪራይ ለመቀነስ እዚሁ ሕንፃ አራተኛ ፎቅ፣ አንዲት ክፍል ልንገባ ነው። ቁም ሣጥኑን እኔ ከላይ፣ ባለቤቴ ከታች። ክብደቱ እሷ ላይ። ልማድ ሆኖብኝ አወጣሁ፣ "በገባሁበት በር..."
ከሥር ጮኸች። "ብቻህን የተባረርክ አታስመስለው! እኔም አለሁበት!"
ቀጠልኩ፣ "ትከሻዬን ሰጡኝ..."
"እኔም አለሁበት አልኩህ!"
በንዴት ነው የምትለው። እግሯ ግን በዜማው ወጣ።
ቁም ሣጥኑን ደረጃ መሃል አስደግፌባት ደብተር ፍለጋ ሮጥኩ። ስመለስ የሰማሁትን አልጽፈውም።

ጥቅምት 15፣ ቅዳሜ
ድምፃዊቷ ዘፈነችው፣ አዳራሹ ሙሉ ተቀበለ። "እኔም አለሁበት!" አስተናጋጁ ሳይቀር፣ ትሪ እንደያዘ። ከፊቴ ያለች ሴትዮ አለቀሰች። የማላውቃት ሴትዮ!
ድምፃዊቷ "ግጥሙ የማን እንደሆነ ልናገር?" ብላ ጠየቀችኝ። "የእኔ" ልል አፌን ከፈትኩ... "የእኔና የባለቤቴ" አልኩ። ባለቤቴ ያልሰማች መስላ ጫማዋን ታያለች።

ጥቅምት 17፣ ሰኞ
ድምፃዊቷ ሌላ ዘፈን አምጣ አለች። ዘበኝነቱም አልቀረልኝም፣ ነገ እጀምራለሁ። አንድ ዘፈን ቤት አያስተዳድርም፣ ያበሳጫል!
ከጠዋት ጀምሮ ደብተሩ ላይ ተጎልቻለሁ። አንድ ቃል የለም። ባለቤቴ ብርድ ልብስ እያጠበች ነው።
"ምንድን ነው የምታፈጠው?"
"ብቻዬን ስሆን አልመጣልኝ አለ።"
የረጠበውን ብርድ ልብስ እንድንጨምቀው አንዱን ጫፍ ዘረጋችልኝ።
"ያዝ። በል አውጣ።"