አሥራ ሰባተኛው ድምፅ

ለምወድሽ እታለም፣

እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽስ? የባሕሩ እርጥበት ብሶበት ከሆነ ሳትደብቂ ጻፊልኝ። እኔ ከሳሌ በቀር ደህና ነኝ። በረዶው ዘንድሮ ቸኩሏል፤ ስንዴው ግን ቀድሞት ገብቷል።

የመንደራችንን ነገር ጠይቀሽኛል። ድምፅ ሰጠን። ታርኖ ስሟንና ምክር ቤቷን ይዛ ትቀጥል ወይስ ከወረዳው ጋር ትቀላቀል ተብለን አሥራ ስድስቱ «ትቀጥል»፣ አሥራ ሰባቱ «ትቀላቀል» አልን። ሠላሳ አንድ ዓመት የመንደሯ ጸሐፊ ነኝና ወረቀቶቹን ሁለቴ የቆጠርኩት እኔው ነኝ። «ሌላ ማን ጸሐፊ ይሁን?» ሲባል ሁሉም ጣሪያ ጣሪያውን እንደሚያይ ታውቂያለሽ።

ከአሥራ ሰባቱ «ትቀላቀል» ባዮች አሥራ ስድስቱ ሐሳባቸውን አስቀድመው በግልጽ ስለተናገሩ ማንም አልተቀየማቸውም። የሚፈለገው በአፉ «ትቀጥል» ብሎ በእጁ ሌላ የጻፈው አሥራ ሰባተኛው ነው።

በመንደሩ አዳራሽ ወጥ ቤት የምታዝዘው ቬርና ምርመራውን ድንች እየላጠች ጨረሰችው። «ላይል ነው!» አለች።

«በምን አወቅሽ?» አልኳት።

«ሰው የሚያዝነው ለአገሩ ነው። እሱ ለየትኛው ይዘን?»

ላይል እዚህ ከመጣ ገና አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ከንቲባው ኦረስትም «አባቱን ማን ያውቀዋል?» ብሎ ፍርዱን አጸደቀ።

መኪና ለመኪና ሲተላለፍ ከመሪው ላይ ለሰላምታ አንድ ጣት ሳያነሳ የሚያልፍ ሰው እኛ ዘንድ የለም፤ በድንበር የሚካሰሱት እንኳ ያነሳሉ፣ ከፍርድ ቤት ሲመለሱም ጭምር። ለላይል ግን ጣት ሁሉ መሪው ላይ ተጣበቀ። ምስኪኑ የራሱን ጣት አንስቶ፣ መልስ ሲያጣ አፍንጫውን ያክበታል።

ረቡዕ የደጄን በረዶ ሊጠርግልኝ መጥቶ፣ «ቤቴን ልሸጠው ነው» አለኝ።

«ለማን?» ስለው፣ «እሱን አላሰብኩበትም» ብሎ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም።

የሚገርመኝ ግን ቬርና የመንደሩን ሰው ሁሉ ስትመረምር እኔን አለመጠየቋ ነው። ብትጠይቀኝ ምን እንደምመልስላት ለመስማት እኔ ራሴ ጓጉቼ ነበር።

ቅዳሜ የመከር እራት አለን። ምግቡ ሳይቀርብ አንድ ነገር መናገር እንደምፈልግ ለቬርና ስነግራት፣ «ምስጋና ከሆነ አሳጥሪው፤ ድንቼ ቀዝቅዞ ቀረበ እንዳይባል» አለችኝ። ምስጋና እንዳልሆነ፣ አጭር ግን እንደሆነ ነገርኳት። ላይልንም «እራት አልመጣም» ሲል ለምኜ አጠገቤ እንዲቀመጥ አሳምኜዋለሁ።

ባሕሩን የሚያየውን፣ ለእኔ ያልሽውን ክፍል፣ እታለም፣ ለሌላ ሰው አትስጪው።

ጤናሽን ያብዛልኝ። ደጅሽ ሰው አይጣ።

ታናሽ እህትሽ