ወንዛዬ ወርጄ ስለ መታጠቤ

ማክሰኞ፣ የካቲት 10፣ ደብረ ታቦር

ለሚመለከተው ሁሉ፦ ዛሬ ገላዬን ታጥቤአለሁ። ወንዛዬ ፍል ውኃ ድረስ የወረድኩት ጉልበቴን ስላመመኝ ነው። የወሰደኝ የልጅነት ጓደኛዬ ምስጋናው ነው።

በመታጠብ ረገድ ልምዴ ሰፊ ነው። እኛ ቤተ እስራኤሎች ከሌላ እምነት ሰው ከተነካካን ሳንታጠብ ቤት አንገባም ነበር። እኔ ደግሞ እንደ ምስጋናው ካሉ ክርስቲያን ልጆች ጋር አንድ ወንበር ላይ ነበር የምማረው። ስለዚህ ከትምህርት ቤት ስመለስ እናቴ በቀጥታ ወደ ወንዝ ትሰደኝ ነበር! ከጉና ተራራ የሚወርደው ውኃ አጥንት ይሰብራል፤ ሒሳብ እንኳ እንደሱ አላስለቀሰኝም። በኋላ እስራኤል አገር ሄጄ አዳሪ ትምህርት ቤት ስገባ ደግሞ የሃይማኖት መምህሩ፣ «አይሁድነትህ እንዲጸና ውኃ ውስጥ ጥለቅ» አለኝ። እዚህ አይሁድ ስለሆንኩ ታጠብኩ፤ እዚያ አይሁድ እንድሆን ታጠብኩ። ከእኔ የጸዳ አይሁድ ካለ ይምጣ!

አንድ እድፍ ግን አልለቀቀም። አገር ለቀን የሄድን ዕለት ምስጋናው ሊሰናበተኝ እጁን ዘረጋ። ለመንገድ ታጥቤ ስለነበር «አትንካኝ» ብዬው ሄድኩ። አርባ ዓመት አለፈው።

ዛሬ እሱ ቀድሞ ውኃው ውስጥ ገባ። እኔ ዳር ቆሜ ቀረሁ።

«ምነው፣ ዛሬም አትንካኝ ነው?» አለኝ እየሳቀ። «ና ግባ እንጂ፣ አያ ንጹሕ! ብነካህም መታጠቢያው እዚሁ ነው።»

እጁን ዘረጋልኝ። ያዝኩት። ድንጋዩ ስለሚያንሸራትት ቶሎ አልለቀቅሁትም።

እርማት፦ ስለ ጉልበቴና ስለ ድንጋዩ ከላይ የተሰጠው መግለጫ ስሕተት ሆኖ ተገኝቷል። ጉልበቴ ጤነኛ ነው፤ ድንጋዩም አያንሸራትትም።