ከዶይል በስተቀኝ

ቅዳሜ፣ ማርች 6

ዝናብ። የወሩ የወታደርነት ቀናችን። በሌላው ቀን እዚሁ ዊድቢ ደሴት ላይ ለምግብ የሚሸጥ የባሕር ዛጎል አረባለሁ። ዛሬ የበረራ ልብስ። ሁላችንም እንደዚያው... ሬኒ ባልዶቪኖ የጥርስ ሐኪም፣ ዶይል ከርባው የመንገደኛ አውሮፕላን አብራሪ። በወር አንዴ ተሰብስበን የጠላትን ራዳር ማፈን እንለማመዳለን።

ከመደበኛ ወታደሮቹ አንዱ ኮሪደር ላይ፣ «ምነው፣ ዛሬ ጥርስ ነው ጦርነት?» አለ። ሬኒ፣ «አፍህን ክፈትና አይቼ ልንገርህ።»

ከምሳ በኋላ ኮማንደር ስትራድሊ ሰበሰቡን። ባልካን ውስጥ ነገሩ ከከፋ ወደ ጣልያን ልንላክ እንችላለን አሉ። እኛ! ስኳድሮኑ ከተቋቋመ ሃያ ሁለት ዓመቱ። ልምምድ፣ ልምምድ፣ ልምምድ። አንድም ቀን ለጦርነት አልተጠራም። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ያለው ዶይል ብቻ ነው። ዞር ብዬ አየሁት። ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር... ዶይል!

እሑድ፣ ማርች 7



ከተራሮቹ ማዶ፣ ኮሎምቢያ ወንዝን ተከትለን ዝቅ ብለን እየበረርን ነበር። እኔ እንደ ሁልጊዜው ከዶይል በስተቀኝ፣ ካርታ ጭኔ ላይ። ሬኒና አራተኛችን፣ አንድ ወጣት ልጅ፣ ከኋላ። «ወደ ግራ ታጠፍ» አልኩ። መልስ የለም። «ዶይል፣ ወደ ግራ።» ምንም። አፍንጫችን ወደ ወንዙ እያዘነበለ... ዞር ስል ዓይኑ ተከፍቷል። እጁ መሪው ላይ ነው። ሰውየው ግን የለም።

ክንዱን በቡጢ መታሁት። ያኔ መሪውን ሳበው።

«ምን ሆንሽ? ሰማሁሽ እኮ።»

ሬኒ ከኋላ፣ «ማነው ሆዴን የገለበጠው?»

«ነፋስ ነው» አለ ዶይል።

ነፋስ አልነበረም። እኔም ዝም አልኩ። ለምን?

ሰኞ፣ ማርች 8

ቀኑን ሙሉ ባሕሩ ላይ የዛጎሎቹን ገመድ ስጎትት ዋልኩ። ዶይል ደክሞት ይሆናል። ዓርብ ከቺካጎ በርሮ ነው የመጣው።

ዛሬም ይበራል። መንገደኞች ጭኖ...

ሐሙስ፣ ማርች 11

ትእዛዙ መጣ። ለጉዞ እንዘጋጅ ተባለ። እሑድ ተጨማሪ በረራ። ሰሌዳው ላይ ከርባውና ኒንሁስ... እሱና እኔ።

ቅዳሜ፣ ማርች 13

እነዶይል ምሳ ጋበዙኝ፣ ወደቡ አጠገብ ያለችው ቤት። ዶይል የድሮውን እያወራ ያስቃል። የመጀመሪያዎቹ አውሮፕላኖች ሲመጡ መደበኞቹ፣ «ለነዚህ ሽማግሌዎች ነው?» ብለው እንደሳቁ። በየዓመቱ ሊዘጉን እንደነበር፣ በየዓመቱ እንዴት እንደተረፍን። «አሁን ደግሞ...» አለና ቆመ። ማንኪያው ባፉና በሳህኑ መሀል። ሾርባው ጠብ፣ ጠብ ይላል።

ሚስቱን ሎረታን አየኋት። አየችኝ። ከዚያ ጠረጴዛው ላይ አቀረቀረች።

ታውቃለች!

«...አሁን ደግሞ ተራው የኛ ነው» አለ፣ ካቆመበት ቀጥሎ።

ወደ መኪናዬ ሲሸኘኝ ያዝኩት። «ዶይል፣ አንድ ነገር ሆነሃል። ወንዙ ላይም ሆነሃል።»

መጀመሪያ ሳቀ። ከዚያ፣ «ሴት አብራን አትበርም ሲሉ ማን ነው ‹ከኔ ጎን ትቀመጣለች› ያለው?»

«አንተ።»

«ታዲያ?»

«ሐኪም ጋ ሂድ።»

«ከጣልያን ስመለስ። ኒን... ሃያ ሁለት ዓመት ጠብቄያለሁ። አንድ ጊዜ ብቻ።»

«ማክሰኞ የምትጭናቸው መንገደኞችስ?»

«እዚያ ረዳት አብራሪ አለኝ።»

«በኔ ወንበር ግን መሪ የለም፣ ዶይል። አንተ ከቆምክ አራታችንም ቆምን።»

የመኪናዬን በር ዘጋብኝ።

እሑድ፣ ማርች 14

ራሱ ይቀራል ብዬ ነበር። አልቀረም። መሰላሉን ወጥቶ ቀበቶውን አሰረ። ሬኒና ልጁም ከኋላ ገቡ። እኔ መሬት ላይ ሄልሜቴን አቅፌ ቀረሁ። ዝናቡ ይወርዳል።

«ምን ረሳሽ?» አለ ሬኒ።

«አልወጣም።»

ዶይል ሳያየኝ፣ «ኒን፣ ነይ ውጪ።»

«አልወጣም።»

መካኒኮቹ ሥራቸውን ተዉ። ስትራድሊ ዝናቡን እየቆረጡ መጡ። «ምንድነው ነገሩ?»  ወንዙንም ማንኪያውንም ተናገርኩ፣ ዶይል እየሰማ። «እርስዎ ከፈለጉ ይቅጡኝ። እሱ በሚያበራት አውሮፕላን ውስጥ ግን አልገባም» አልኳቸው።

«ደክሟታል» አለ ዶይል። «ጦርነት ሲመጣ የሚፈራ አይጠፋም።»

ይህን እሱ ይለኛል?

ስትራድሊ ወደ ሬኒ ቀና አሉ። ሬኒ የዶይልን ጀርባ አየ። ከዚያ የቀበቶው መፈታት ተሰማ። «ያን ቀን ነፋስ አልነበረም፣ ኮማንደር» አለና ወረደ። ልጁም ተከተለው።

ዶይል ባለ አራት ወንበሯ ውስጥ ብቻውን ተቀመጠ። ክዳኑ ክፍት ነው፤ ዝናቡ ይገባበታል። ማንም ውረድ አላለውም። በመጨረሻ ራሱ ወረደ። በአጠገቤ ሲያልፍ ትከሻው ነካኝ። አላየኝም።

ዓርብ፣ ማርች 19

ዕጢ። ዶይል ጭንቅላት ውስጥ። ቀዶ ጥገና ይደረግለታል። ከእንግዲህ ምንም አያበርም፣ የኛንም የመንገደኛውንም።

ሎረታ ደወለች። «ሰው ሁሉ ፊት! ለኔ ቀስ ብለሽ ብትነግሪኝ ምን ነበረበት?»

«ታውቂ ነበር እኮ፣ ሎረታ።»

ዘጋችው።

ዓርብ፣ ኤፕሪል 2

ነገ እንሄዳለን። የልብስ ሳጥኔ ላይ በቾክ «አሳባቂ» ተጽፎ አገኘሁ። ጠረግኩት። ምሳ ላይ ከሬኒ በቀር አጠገቤ የተቀመጠ የለም። ልክ ነበርኩ... ነበርኩ አይደል? ታዲያ ለምንድነው እንደ ሌባ የምሸማቀቀው?

ረቡዕ፣ ኤፕሪል 21

ጣልያን። ሆርቫት የሚባል አዲስ አብራሪ፣ ብዙ የማይናገር። ዛሬ የጠላት ራዳር አገኘን። ጆሮዬ ውስጥ ጩኸቱ... ሬኒ፣ «ያዝኩት፣ ያዝኩት፣ እንዳትንቀሳቀሺ» እያለ ያፍነዋል፤ ለማን እንደሚናገር እንጃ። አንድ ሚሳይል በቀኛችን ወጣ። ገና ‹ታ...› ስል ሆርቫት ወደ ግራ ታጥፏል። ያ ወንዝ ትዝ አለኝ። ዛሬ ከጎኔ ዶይል ቢሆን ኖሮ?

የምንሸፍናቸው ቦምብ የጫኑት አውሮፕላኖች ሁሉም በሰላም ተመለሱ። ከመደበኞቹ አንዱ መጥቶ የሬኒን እጅ ጨበጠ። 

ሰኞ፣ ሜይ 10

ዛሬም ሁሉም ተመለሱ። ደከመኝ።

እሑድ፣ ጁን 27

ቤት ገባን። ባንዲራ፣ ልጆች፣ ጩኸት። ኮማንደሩ ስማችንን እየጠሩ፣ ስኳድሮኑ በታሪኩ ለመጀመሪያ ጊዜ... ሲሉ ሰው አጨበጨበ። እኔ በሕዝቡ ውስጥ የማየው አንድ ሰው ነበር።

ከኋላ ቆሟል። ከስቷል። ኮፍያው ሥር ጠባሳው ይታያል። መኪናውን የምትነዳው ሎረታ ናት፤ ከውስጥ ሆና እጇን ብድግ አደረገች፣ ሰላምታ ይሁን ሌላ... አላውቅም።

ወደሱ ሄድኩ። 

«ይቅር አላልኩሽም» አለ።

«እሺ።»

«ምናልባትም አልልሽም።»

«እሺ፣ ዶይል።»

ጫማውን አየ። ከዚያ ማቆሚያው ላይ የተደረደሩትን አውሮፕላኖች። 

«እንዴት ነበር?»

«የቱ?»

«ሁሉም። ከመጀመሪያው ጀምሪ። ምንም እንዳታስቀሪ።»

የመኪናው አፍንጫ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጥን። ነገርኩት። ስለ ራዳሩ ጩኸት ስነግረው ዓይኑን ጨፈነ፤ ሚሳይሉ ጋ ስደርስ ቀኝ እጁ ጉልበቱ ላይ ወደ ግራ ታጠፈ... በትክክለኛው ሰዓት።