ብርሃኑ ሲደበዝዝ

ለምወድሽ እናቴ፣

እንዴት ሰነበትሽልኝ? ጉልበትሽስ ደረጃው ላይ አሁንም ያስቸግርሻል? አባዬስ ሳሉ ለቀቀው ወይስ እንደ ልማዱ መድኃኒቱን እየረሳ ሲስል ይውላል? እኔን ያሳሰበሽን ያህል አልሆንኩም፤ እንዲያውም ወፍሬያለሁ፣ ደስ ይበልሽ።

ወንድም ጋሼ የጻፈልኝ ደርሶኛል። እሳት ስነካካ አንድ ነገር ሆኜ ነው ድምፄ የጠፋው፣ የሥራ ውሌን ሳላድስ እንድመለስ ብለሻል አሉ። እስኪ መጀመሪያ የሆነውን ልንገርሽና አንቺው ፍረጂኝ።

እኛ ቀለበት በመሰለ ትልቅ የብረት ዕቃ ውስጥ ጋዝ እናግላለን። ሲግል ሲግል ፕላዝማ የሚባለውን ይሆናል። ያን ሙቀት የሚችል ግድግዳ ስለሌለ፣ በማግኔት መሃል ላይ አንሳፍፈን እንይዘዋለን። እሱ ግን አርፎ አይቀመጥም፤ ውስጥ ውስጡን ይናጣል፣ ነውጡም ሙቀቱን ከመሃል እየዘረፈ ወደ ዳር ያወጣዋል። እሳት በጨመርን ቁጥር ይብስበታል። አባዬ በክረምት የመስኮቱን ስንጥቅ በጨርቅ ሲወትፍ ትስቂበት የለ? እኛም ስንወትፍ ከረምን።

እኔ ደግሞ እሳቱን ከለመድነው በላይ እንጨምር ብዬ አለቃችንን ወጥሬ ያዝኳት። በስሌቴ፣ ልኩን ሲያልፍ የፕላዝማው ዳር በፍጥነት መዞር ይጀምራል፣ ዙሩም ነውጡን ይበጣጥሰዋል። አለቃችን ካልተሳካ ማሽኑ ለሌላ ቡድን እንደሚሰጥ፣ የእኔም ሥራ እዚያው እንደሚያበቃ አስጠንቅቃ ፈቀደች።

ማሽኑን የሚያንቀሳቅሰው ሰውዬ ደግ ነው፣ ግን ትንሽ ነገር ከተለወጠ ማቆሚያውን ስለሚጫን «ፍሬኑ» እንለዋለን። እሳቱን ስንጨምር የፕላዝማው የዳሩ ብርሃን ድንገት ድብዝዝ አለ። ፍሬኑ «ጠፋ!» ብሎ ማቆሚያውን ተጫነ። ሁላችንም ክው አልን፤ አለቃችን ዕቃዋን መሰብሰብ ጀመረች። እኔ ግን ልቤ አላምን ብሎ የሙቀቱ መለኪያ የመዘገበውን ባየው፣ ማቆሚያው እስኪጫን ድረስ የመሃሉ ሙቀት ሽቅብ እየወጣ ነበር። ለካ ዳሩ የሚያበራው ከውስጥ በሚያመልጠው ሙቀት ነው፤ የጨለመው ማምለጡ ስለቀረ ነው።

አንድ ጊዜ ብቻ ብዬ ለመንኩ። ፍሬኑ እጆቹን ከጭኑ ሥር አድርጎ ተቀመጠባቸው። ብርሃኑ ደበዘዘ፣ እሱ በላብ ተጠመቀ፣ ፕላዝማው ግን አንቺ ደረጃውን ወጥተሽ ለመጨረስ የሚፈጅብሽን ያህል ጊዜ ጸጥ ብሎ ቆየ። አለቃችን እየዘለለች ፍሬኑን አቀፈችው። እኔማ አለቀስኩ፣ አልዋሽሽም።

አሁን ውሉን ለአንድ ዓመት አድሺ ብለውኛል፤ ያለ ፈቃድሽ ግን አልፈርምም። እማዬ፣ የመጣሁ ሰሞን በየሳምንቱ እጽፍልሽ ነበር። ያኔ ሆድ ይብሰኝ ነበር፤ ያ ሁሉ ደብዳቤ ከውስጤ ያመለጠ ነው። ዘንድሮ ዝም ያልኩት ደህና ስለሆንኩ ነው።

አባዬን ጉንጩን ሳሚልኝ። ወንድም ጋሼን ስለ ደብዳቤው አመስግኚልኝ፣ ፊደሉ ግን አሁንም ጭረት ነው በይው። ለባለቤቱ ሰላምታዬ ይድረሳት፤ ጥርሷ የወለቀውን ልጃቸውንም በደንብ አድርገሽ ሳሚልኝ።

አንቺ ደግሞ እንደ ፍሬኑ፣ አንድ ዓመት ብቻ እጅሽ ላይ ተቀመጪልኝ።

ልጅሽ

ከማሽኑ አዳራሽ ጎን ካለችው ጠባብ ቢሮዬ
ግንቦት ፲፬ ቀን