ግድግዳው ላይ የተለጠፉት ፖስት ካርዶች

ሰኞ፣ ሐምሌ 14፤ ዲላ

ነገ ጠዋት ሱቃችን ለመንገድ ማስፋፊያ ይፈርሳል። ዕቃውን አውጥተን ጨርሰናል፤ የቀሩት ወንድሜ ደረጄ ለትምህርት ከሄደበት ከሩሲያ የላካቸው ፖስት ካርዶች ነበሩ። ደረጄ እዚያው ሞቶ እዚያው ተቀበረ። አባዬ ያኔ ካርዶቹ እንደመጡ፣ ሥዕሉን ገበያተኛ ሁሉ እንዲያይለት በዱቄት ሙጫ ግድግዳው ላይ ለጠፋቸው። ልጁ በእጁ የጻፈው በግድግዳው በኩል ተለጥፎ ቀረ።

ዛሬ አንዱን በቢላዋ ቀስ ብዬ ላነሣው ሞከርኩ። በረዶ የለበሰው ድልድይ ሥዕል ተልጦ እጄ ላይ መጣ፤ ጽሑፉ ያለበት ወረቀት ግን ከግድግዳው አልላቀቅ አለ። ሁለተኛውን ለብ ባለ ውኃ አርሼ አነሣሁት። እሱ ሳይቀደድ መጣልኝ። ስገለብጠው ግን ቀለሙ ሁሉ ፈስሷል፤ “ውድ አባዬ” ከሚለው በቀር የሚነበብ ነገር የለውም።

አባዬ በሩ ላይ ቆሞ ያየኛል።

“ምን ይላል?” አለኝ።

“ጠፍቷል አባዬ። አንተ አታስታውሰውም? ያኔ ያነበብክልን አንተ ነህ እኮ።”



“ረስቼዋለሁ” አለ። “እዚያው አለ ብዬ እኮ ነው የረሳሁት።”

ቢላዋውን ከእጄ ወሰደና “ሌሎቹን አትንኪያቸው፤ እንዳሉ ይሂዱ” አለኝ።

ነገ ዶዘሩ ሲመጣ እቤት እንዲቀር ለመንኩት። እምቢ አለኝ።

“እሱ ሲቀበርም አልነበርኩም” አለ።