አበባውን የላኩት እናታችን አልነበሩም

በሰፈሩ «እትዬ አለሁ በሉ» በሚል ስም የሚታወቁት እናታችን፣ ከአናጢው አባታቸውና ከልብስ ሰፊዋ እናታቸው በ1938 ዓ.ም. ከባቡር ጣቢያው ጀርባ በነበረች ባለ አንድ ክፍል ቤት ተወለዱ። ከስድስት ልጆች አራተኛዋ ነበሩ። ድምፃቸው ከሕፃንነታቸው ጀምሮ ሰው የሚቀሰቅስ ነበር ይባላል፤ ስለዚህ ጎረቤት በእርሳቸው ማማረር የጀመረው በቅርቡ አይደለም።

ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ ትምህርት ቤት ገብተው እስከ አሥረኛ ክፍል በጥሩ ውጤት ተማሩ። መምህራቸው ጮክ ብሎ የሚያነብ ተማሪ ሲፈልጉ ሁልጊዜ እርሳቸውን ያስነሱ ነበር። የአባታቸው ዓይን እየደከመ መጋዝ መያዝ ሲያቅታቸው ግን ትምህርቱን ትተው ቤቱን የሚደጉሙበት ሥራ ፈለጉ፤ በ1957 ዓ.ም. በስልክ መሥሪያ ቤት የማዞሪያ ሠራተኛ ሆነው ተቀጠሩ።

ይህን ሥራ የማያውቅ ትውልድ ስለመጣ ትንሽ ማብራራት ያስፈልጋል። ክፍሉ ጠባብና ረጅም ሲሆን አንድ መስኮት ብቻ ነበረው። ሴቶቹ በተርታ በርጩማ ላይ ተቀምጠው፣ ጆሮ የሚያቆስል ከባድ ማዳመጫ አጥልቀው፣ ከፊታቸው ካለው ሰሌዳ ላይ ገመድ እየነቀሉና እየሰኩ ሰውን ከሰው ያገናኙ ነበር። ጠዋት ሥራ ሳይጀመር እያንዳንዱ መስመር ይፈተሻል። የመሥሪያ ቤቱ ደንብ «ደወሉ ከጠራ መስመሩ ደህና ነው» የሚል ነበር። እናታችን ይህ ደንብ ፈጽሞ አልዋጥላቸው አለ። ሰው አንስቶ «አለሁ» ካላላቸው ገመዱን አይነቅሉም። አለቃቸው የተቀጠሩት ሽቦ ሊፈትሹ እንጂ የሰው ጤንነት ሊጠይቁ እንዳልሆነ ደጋግመው ገሠጿቸው። እናታችንም እሺ ይሉና በማግስቱ ያንኑ ይደግማሉ። አንድ የእህል ነጋዴ በማለዳ መቀስቀሱ ቢያንገፈግፋቸው ስልኩን አንስተው «የለሁም» ብለው ይዘጉ ነበር፤ እናታችን አመስግነው ወደሚቀጥለው መስመር ያልፋሉ። ቅጽል ስማቸው የወጣው ከዚያ ክፍል ነው።

አባታችን የስልክ መስመር ሠራተኛ ነበሩ። ምሰሶ ላይ ወጥተው የጠገኑትን መስመር የሚሞክሩት ወደ ማዞሪያው በመደወል ስለነበር፣ ሁለቱ መልክ ሳይተያዩ ዓመት ያህል ተነጋገሩ። አንድ ቀን አባታችን እዚያው ምሰሶ ላይ እንደተንጠለጠሉ የጋብቻ ጥያቄ አቀረቡ። እናታችን መልስ አልሰጡም፤ ከእንጨቱ ወርደው፣ እጃቸውን ታጥበው፣ ቤት ድረስ መጥተው እንዲጠይቁ አዘዟቸው። አባታችንም ወረዱ። በ1961 ዓ.ም. ተጋብተው ሁለት ሴትና አንድ ወንድ ልጅ አፍርተዋል።

በ1978 ዓ.ም. በራሱ የሚያገናኝ መሣሪያ ገባና ያ ክፍል ተዘጋ። እናታችን ወደ ደንበኞች መስኮት ተዛውረው እስከ 1993 ዓ.ም. ካገለገሉ በኋላ በጡረታ ተሰናበቱ። እዚህ ላይ ቆም ብለን አንድ ነገር ማስተባበል እንፈልጋለን። ሰሞኑን እናታችን «አዲስ ነገር የማይወዱ ሴትዮ» ነበሩ የሚል ወሬ ደርሶናል። ውሸት ነው። ከአካባቢው ሰው ቀድመው ሞባይል የገዙ፣ ከልጅ ልጆቻቸው ጋር እየተያዩ የሚያወሩ፣ ብቻ ካሜራውን ሁልጊዜ ግንባራቸው ላይ የሚደግኑ ሴት ነበሩ። የልጅ ልጆቻቸው ያንን ግንባር በደንብ ያውቁታል።

አባታችን በ1998 ዓ.ም. ካረፉ በኋላ እናታችን ዛሬ ብዙዎቻችሁ ወደምትኖሩበት ሕንፃ፣ ሦስተኛ ፎቅ ገቡ። በሕንፃው ውስጥ ብቻቸውን የሚኖሩ አረጋውያን መኖራቸውን ሲያዩ የድሮ ሥራቸውን ጀመሩ። በየማለዳው ደረጃውን እየወጡና እየወረዱ የእያንዳንዳቸውን በር በቁልፋቸው ያንኳኳሉ፤ ከውስጥ «አለሁ» የሚል ድምፅ ካልሰሙ ንቅንቅ አይሉም። ይህ ነገር ለብዙ ዓመት ቆየ። በእነዚያ በሮች ላይ ሰው ስኳር ተበዳድሯል፣ የታመመ ተጠይቋል፣ የተኳረፉ ታርቀዋል፣ አዳዲስ ኩርፊያም ተጀምሯል። ማን ከማን ጋር እንደሚኖር ሳያውቅ ይተላለፍ የነበረ ሰው በስም መጠራራት የጀመረው በእርሳቸው ነው። ይህን የምትክዱ እንደማትኖሩ ተስፋ እናደርጋለን።

ከሦስት ዓመት በፊት ሌሊት እየሠራች ቀን የምትተኛ ነርስ ማንኳኳቱ እንደሚረብሻት ተናገረች። ቅሬታዋ ተገቢ ነበር፤ እናታችንም ይቅርታ ጠይቀው በእርሷ ፎቅ ላይ በጣታቸው ጫፍ ብቻ መንካት ጀምረው ነበር። ነገሩ እዚያ ላይ ማለቅ ይችል ነበር። የሕንፃው ኮሚቴ ግን ሥራ ያገኘ መስሎት ተሰበሰበ። ማንኳኳት እንዲቀር፣ በምትኩ በስልክ ግሩፕ እንዲከፈትና አረጋውያኑ በየማለዳው ደህና መሆናቸውን በመልእክት እንዲያሳውቁ ወሰነ። ለእናታችን የምስጋና ወረቀት በፍሬም አስገብቶ ሰጣቸው። ሥራ ሲነጠቅ ፍሬም ይሰጣል ማለት ነው።

እናታችን ግሩፑን አልተቃወሙም። መልእክት መጻፍ ግን ለአብዛኞቹ አረጋውያን አስቸገረ፤ አንዱ ይረሳል፣ አንዱ መነጽሩን ያጣል። ያን ጊዜ ስልክ አዋቂ የሚባለው የኮሚቴው ጸሐፊ መላ ዘየደ። በየቤቱ እየዞረ፣ «እንደምን አደራችሁ» የሚል ጽሑፍ ያለበት የአበባ ሥዕል በየማለዳው በራሱ እንዲላክ የአረጋውያኑን ስልክ ሁሉ አስተካከለ። ደህና መሆኑን ሰው ይናገር ተብሎ የተከፈተው ግሩፕ ከዚያን ቀን ጀምሮ ሰው አያስፈልገውም ነበር።

እናታችን ነገሩ የገባቸው ዘግይቶ ነው። ያልላኩት አበባ በስማቸው ተልኮ፣ ሰውም ልብ እየሳለ መልሶላቸው ሲያዩ ጸሐፊውን ጠርተው ጠየቁት። እሱም «አይጨነቁ እማማ፣ እርስዎ ባይነኩትም ራሱ ይልካል» አላቸው። እናታችን በዕድሜያቸው እንደዚያ ቀን ተቆጥተው አያውቁም። ብሞትስ ማን ሊያውቅ ነው ብለው አፋጠጡት፤ ከእርሳቸውም ከሌሎቹም ስልክ ላይ እንዲያነሳው ነገሩት። እሺ አለ። እሺ ብሎ ሄደ። አላነሳውም።

ከግሩፑ ውጪ የቀሩት ሁለተኛ ፎቅ የሚኖሩት ጡረተኛዋ ታይፒስት ብቻ ነበሩ። ስልካቸው ባለ ቁልፍ አሮጌ ስልክ ስለሆነ ኮሚቴው ተዋቸው። ጉልበታቸው ስለማይታዘዝላቸው ደረጃ መውጣትና መውረድ ካቆሙ ዓመታት አልፈዋል። እናታችን የእርሳቸውን በር ማንኳኳት አላቆሙም፤ የኮሚቴውን ፈቃድም አልጠየቁም።

ባለፈው ሳምንት ሰኞ ማለዳ እናታችን ወጥ ቤታቸው ውስጥ አዳልጧቸው ወደቁ፤ የዳሌ አጥንታቸው ተሰበረ። ስልካቸው መስኮቱ ላይ ቻርጀር ላይ ተሰክቶ ነበር። እኛ ልጆቻቸው በሌላ ከተማ እንኖራለን፣ የምንደውለው እሑድ እሑድ ነው። እንደ ወትሮው ሊንኳኳ ሲገባው የዚያን ቀን ሳይንኳኳ የቀረው የታይፒስቷ በር ብቻ ነው። ታይፒስቷ ነገሩ አላምራቸው ብሎ በመስኮት ብቅ ብለው ወጪ ወራጁን ተጣሩ። ጸሐፊው ሰማቸውና ስልኩን ወደ ላይ ከፍ አድርጎ «ይኸው አበባ ልከዋል፣ ደህና ናቸው» አላቸው። ማክሰኞም ተጣሩ። ዛሬም ልከዋል ተባሉ። አንዱ አላፊ ሴትዮዋ ጃጅተዋል ብሎ ሲስቅ ሰምተውታል።

ጸሐፊው ከቆመበት እስከ እናታችን በር ያለው ሦስት ፎቅ ነው። ማንም አልወጣውም።

ረቡዕ ታይፒስቷ ራሳቸው ወጡት። ደረጃው ላይ በመቀመጫቸው ተቀምጠው፣ ወደ ኋላ፣ አንዱን ደረጃ ከሌላው ቀጥሎ በእጃቸው እየተገፉ እናታችን በር ደረሱ። አንኳኩ፤ ከውስጥ ማቃሰት ሰሙ። መጮህ ሲጀምሩ ከታች ያለው ብረት በያጅ መሣሪያውን ይዞ ሮጦ መጥቶ በሩን ሰበረው።

እናታችን በሆስፒታል በሕይወት የቆዩት ለጥቂት ቀናት ነው። ውኃ ጥም ኩላሊታቸውን ጎድቶት ነበር። አእምሯቸው ግን እስከ መጨረሻው ንጹሕ ነበር። ወለሉ ላይ ተጋድመው ሳሉ በየማለዳው ስልካቸው ድምፅ ሲያሰማ፣ አበባው ሲሄድ፣ የሰው መልስም ሲንጫጫ ይሰሙ እንደነበር ነግረውናል። ለታላቅ ልጃቸው የተናገሩትን እዚህ ማስፈር ግዴታችን ነው። «እኔ መሬት ላይ ሆኜ እጣራለሁ፣ እሱ መስኮት ላይ ሆኖ ደህና ናት ይልልኛል» ነበር ያሉት።

በዚህ ሳምንት ማክሰኞ ጠዋት በሰባ ዘጠኝ ዓመታቸው አረፉ። ሞታቸው በግሩፑ ላይ ተነገረ፤ የተጣመሩ እጆች ሥዕል እንደ ጉድ ዘነበ። ትናንት ማለዳ፣ አስከሬናቸው ሆስፒታል ሳለ፣ የእናታችን ስልክ እንደ ልማዱ አበባ ላከ። ከእናንተ መካከል አሥር የሚሆኑት «እንደምን አደሩ እማማ» ብላችሁ መለሳችሁ። እዚህ ስማችሁን አንጽፍም፤ ራሳችሁን ታውቃላችሁ። ስልኩን ያጠፋነው እኛ ነን። የሌሎቹ አረጋውያን ስልክ ዛሬ ጠዋትም ልኳል።

እናታችን ሦስት ልጆች፣ ስድስት የልጅ ልጆች፣ አንዲት ታናሽ እህትና ከሥጋ ዘመድ የማናሳንሳቸውን ታይፒስቷን ጎረቤታቸውን ትተው አልፈዋል። ታይፒስቷ ግን እዚህ ቀብሩ ላይ የሉም። ደረጃውን መውረድ ስለማይችሉ፣ በወንበር ተሸክሞ የሚያወርዳቸው ሰው እንዲመጣ ትናንት በዚያው ግሩፕ ላይ ለምነን ነበር። ሠላሳ ያህል ሰው አውራ ጣቱን አሳየን። በሩ ላይ የደረሰ ግን የለም።

ስለዚህ ይህ ጽሑፍ ተነብቦ እንዳበቃ ወንድማችን ወንበር ይዞ ይሄዳል። የሚያግዙት ሦስት ሰዎች ያስፈልጋሉ። ታይፒስቷ ካልደረሱ አፈር አይመለስም፤ የቸኮለ መሄድ ይችላል። በስልክ የሚላክ መልስ አንቀበልም። የሚሸከም ሰው አሁን ከተቀመጠበት ይነሳ።

አምላክ የእናታችንን ነፍስ፣ ሲጣሩ የሚሰማቸው ባለበት ስፍራ ያሳርፍልን።