ጋኔን የተባለው ድምፅ

ለምወድህ ታናሽ ወንድሜ፣

ጤናህ እንዴት ነው? ሚስትህስ? ሕፃኗስ ጥርስ አወጣች? የእናታችን ጉልበት ዘንድሮ እንዴት አደረጋት? እኔ እጄ በሳሙና ከመድረቁ በቀር፣ አምላክ ይመስገን፣ ደህና ነኝ።

ደብዳቤህ ደርሶኛል። አክስታችንን ጋኔን ይዟታል፣ በሯን ዘግታ ብቻዋን ታነበንባለች ብለሃል። ቤቱ የሁለታችን ስለሆነም ከክፍሏ እንድትወጣ ፈቃዴን ጠይቀሃል። ወንድሜ፣ አትቀየመኝና ነገሩ አልጣመኝም። ያ ክፍል የመንገድ ዳር ነው፣ ለሱቅ ይሆናል ብለህ አምና የነገርከኝ አንተው ነህ። ሚስትህ ግድግዳውን በሜትር ስትለካ መዋሏም እናታችንን በስልክ አምልጧታል። ጋኔን በሜትር ይለካል እንዴ?

እዚህ ልብሳቸውን ከማጥብላቸው አረጋውያን መካከል ጡረታ የወጡ የቋንቋ መምህር አሉ። ሸሚዛቸውን ሳደርስላቸው፣ እንግሊዞች ጋኔንን «ዲመን» የሚሉት ከየት አምጥተው ነው ብዬ ጠየቅኳቸው። ከግሪክ ነው አሉኝ። ጥንት ለሰው ዕጣውን የሚያከፋፍል መንፈስ ማለት ነበር፤ ደጉም ክፉውም በዚያው ይጠራ ነበር። በኋላ አዲስ እምነት ሲገባ የድሮዎቹ አማልክት ሁሉ በዚሁ ስም ርኩስ ተባሉ። እኔም በልቤ፣ ሊበሏት ያሰቧትን አሞራ ስሟን ጅግራ ይሏታል አልኩ። ለእሳቸው ግን አልተነፈስኩም፤ የቤታችንን ገመና ለምን ላውጣ።

ማስረጃ ብለህ የላክኸውን ድምፅ ሦስቴ ሰማሁት። አንተ ልጅ ስለነበርክ አታስታውስም እንጂ፣ አክስታችን ልብስ ስትሰፋ የደንበኞቿን ልክ በቃሏ ነበር የምትይዘው። ቁጥር ታውቃለች፣ ፊደል ግን አልቆጠረችም። እንዳይጠፋት ስትቆርጥም ጋደም ስትልም ትደግመው ነበር። አንተ ድግምት ያልከውም ይኸው ነው፦ «ትከሻ ሠላሳ ስምንት፣ እጅጌ ሃምሳ ስድስት፣ ወገብ ሰባ።»

የእኔ ልክ ነው። ለብሼው የመጣሁትን ካፖርት የሰፋችልኝ በዚያ ነው። አሥራ አንድ ዓመት እንዳልጠፋባት ስትደግመኝ ኖራለች። ስሰማው የሰው ልብስ ታቅፌ አለቀስኩ። ስለዚህ ክፍሉን አልፈቅድም።

እናታችንን ጉልበቷን፣ ሕፃኗንም ጉንጯን ሳምልኝ። ለሚስትህ ሰላምታዬን አድርስና ሜትሩን ለባለሙያዋ ትመልስ በልልኝ። ለአክስታችን ደግሞ ጠጋ ብለህ፣ የእህቴ ወገብ ሰማንያ ሆኗል ብለህ ንገራት። ልኬን ታስተካክል።

እህትህ
ከልብስ ማጠቢያው ክፍል፣ ጥቅምት 12 ቀን